ጳጉሜን የዋጠው ላይብረሪ

ሰኞ፣ መስከረም 19

ሲስተር ከድጃ ዛሬ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ወግዲ በኩል ባለች ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። የልጆች ክትባት ቀን ሲደርስ ለእናቶቹ የምትደውለው እኔ የሠራሁላትን አፕ እያየች ነው። ፍሪጃቸው ከተበላሸ ወዲህ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣላቸው። አፑ ግን ዘጠኝ እናቶችን ለዛሬ አስጠራ። አምስት ቀን ቀድሞ!

«የሺ ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ሁለተኛ በስልክ ብትጠሩኝ አልመጣም አለችኝ። ወላሂ አፈርኩ!»

በየሺ ቀበሌ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል።

ማክሰኞ፣ 20

ቀኑን ሙሉ ኮዴን ስፈትሽ ዋልኩ። ጥፋቱ ከተዋስኩት ላይብረሪ ነው፤ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይርልኝ፣ የማላውቀው ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ። አዲሱ ቨርዥን ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር አድርጎታል። ጳጉሜን የለችም። ከነሐሴ ቀጥታ መስከረም።

ማን አስገባው? እኔው። አፑ በሚገጣጠምበት ቢልድ ፋይል ላይ የቨርዥኑን ቁጥር መጻፍ ሲገባኝ «የተገኘውን አዲስ ውሰድ» ብዬ ነበር። እኔ ያለሁበት የመካነ ሰላም ኔትወርክ ላይብረሪ አያወርድም። ደሴ ያለው ጓደኛዬ ሰይድ ያወርድና ፍላሹን በሚኒባስ ሾፌር ይልክልኛል። ፍላሽ በመጣ ቁጥር ፋይሉን ማስተካከል ሰለቸኝ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ላይ ቦታ ጠበበኝ ብዬ አሮጌዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ 21

ሰይድ ጋ ደወልኩ። «አብሽር፣ አሮጌው እኔ ጋ አለ። ነገ ጠዋት እልከዋለሁ» አለኝ። አብሽር ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ።

ሲስተር ከድጃ ለስምንቱ እናቶች ደውላ ቅዳሜ እንደሆነ ነግራቸዋለች። የየሺ ስልክ ዝግ ነው።

ሐሙስ፣ 22

ዝናብ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሚኒባሱ አመሻሽ ላይ ገባ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ቢልዱ እምቢ አለ። አሮጌው ላይብረሪ ለብቻው አይሠራም፤ እሱም የሚደገፍበት ሌላ አሮጌ ላይብረሪ ይፈልጋል። ያንን ሰይድ አልላከውም። እኔም አልነገርኩትም።

የየሺ ስልክ ዛሬም ዝግ ነው።

ዓርብ፣ 23

ትናንት ማታውኑ ሰይድ ጋ ደውዬ ነበር፤ ሁለተኛው ፍላሽ ከቀትር በፊት ደረሰ።

– ሁለቱንም ላይብረሪዎች ከነቁጥራቸው ጻፍኩ።
– ቢልዱ አለፈ።
– ጳጉሜን 1ን አስገብቼ ሞከርኩ። ቆጠራት!
– «የተገኘውን አዲስ ውሰድ» ያልኩበትን ሁሉ ለቀምኩ። አሥራ አራት ቦታ። አሥራ አራት!

አዲሱ አፕ ሲስተር ከድጃ ስልክ ላይ ገብቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ቅዳሜ፣ 24

እስከ ስድስት ሰዓት አምስት እናቶች መጡ። እስከ ስምንት ሰዓት ሰባት። ስምንተኛዋ ሣጥኑ ሊዘጋ ሲል ደረሰች።

የሺ አልመጣችም።

አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር ከድጃ ደወለች። ሣጥኑ ተመልሷል። ነገ የሺ ቤት ድረስ በእግሯ ልትሄድ ነው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንድትመጣ ልትለምናት።

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ሄደህ ምን ትላታለህ?»

ስለ ላይብረሪና ስለ ቨርዥን አልነግራትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። በሩን ከከፈተችልን።