ስም የወጣላቸው ገመዶች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ስማ ታላቄ፣ ዛሬ ዕቃ የምትጠግንበት ክፍልህ ገብቼ ወንበርህ ላይ ተቀምጫለሁ። ካልወደድከው ናና አስነሳኝ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ግድግዳው ላይ ያሉትን የኮምፒውተር ገመዶች ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ። ሁሉም በየምስማሩ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ የካርቶን ቁራጭ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሑፍህ።

«አክስቴ። ከአሮጌውም ከአዲሱም ትግባባለች።» ይሄ ብዙ አፍ ያለው ማገናኛ ነው።

«የሒሳብ መምህሩ። በአንድ በኩል ብቻ ይገባል፤ ቢለምኑትም አይዞርም።»

«አጎቴ። ካልነቀነቁት አይሠራም።»

የኔን ፈለግኩ… የለም። ለጎረቤት ውሻ እንኳ አውጥተህለታል። ጩጬው ስትለኝ ትውል የለ እንዴ? አንድ ገመድ አጣህልኝ? ምን አድርጌህ ነው?

አሁን ጩጬው የሚለኝ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አጎቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ ለካው።

«ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ይሄ ሁሉ ኮተት ይወጣል። ልጁ ያጥናበት።»

እናታችን ግን፣ «እትዬ ጥልፍ ጋ ጀምሮት የቀረ ሥራ አለ። ቃል ሰጥቷታል» አለች።

«ታዲያ ማን ሊጨርሰው ነው?»

«እኔ።» አፌ ነው ያለው፤ እኔን አላማከረኝም።

አጎቴ ሳቀ። «አንተ? የጫማህን ክር መቼ ማሰር ቻልክና?» ዝቅ ብዬ አየሁ። ተፈትቷል።

እናታችን ፈረደች። እስከ ቅዳሜ የእትዬ ማሽን ከሠራ ክፍሉ እንዳለ ይቆያል። ካልሠራ መኪናው ይመጣል።

አጎቴ ሲወጣ የሱን ገመድ ከጥጉ አንስቼ በሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። እንዲሁ… ለዓይን እንዲመች።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እትዬ ጥልፍ ቤት። የጥልፍ ማሽኗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከጀርባዋ ያለው መሰኪያ ሰፊ ነው፣ ባለ ዘጠኝ ጥርስ። ላፕቶፑ ደግሞ ገና አዲስ፤ ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ እንጂ ሌላ የለውም። አያትና የልጅ ልጅ። መሃላቸው ያስታራቂነቱን ሥራ የያዘው አንተ የተውከው አዳፕተር ነው፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ።

ከሦስቱ ቀዳዳዎች ሁለቱን በፕላስተር ደፍነሃቸዋል። ሳቄ መጣ። አምና የስልኬን ቀዳዳ በማስቲካ የደፈንክብኝ ትዝ አለኝ። ያው ተንኮሉ ነው ብዬ ላጥኩት።

እትዬ ለመዋዕለ ሕፃናት አርባ ሽርጥ ላይ ወፍ መጥለፍ አለባት። ሞከርነው። ወፏ ሦስት እግር ይዛ ወጣች።

«እትዬ፣ ሦስተኛው መለዋወጫ ነው» አልኳት።

«ወንድምህም እንዲሁ ነበር የሚያላግጥብኝ» አለችና ፊቷን አዙራ ክር መፈለግ ጀመረች። ክሩ እጇ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ደብተርህን አገኘሁት። ስለ እትዬ ማሽን አንድ መስመር ብቻ… «አሮጊቷን ቀስ ብላችሁ አነጋግሯት።»

ለካ ላፕቶፑ ይንጣጣባታል፣ እሷ ግማሹን ሳትሰማ ትሰፋለች። የመላኪያውን ፍጥነት ዝቅ አደረግኩት፣ በሁለቱም በኩል እኩል። ወፏ በሁለት እግሯ ቆመች። እትዬ አጨበጨበች።

ቤት ገብቼ ለእናታችን የሦስት እግሯን ወፍ ነገርኳት። ሳቀች። ካንተ በኋላ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው… በሦስት ሳምንት።

አርብ፣ የካቲት 7

ከትምህርት ቤት በቀጥታ እትዬ ጋ። «ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላለች» አለችኝ። ማሽኗን ማለቷ ነው። ላፕቶፑም ምንም መሣሪያ አላገኘሁም ይላል። መኪናው ነገ ነው።

አዳፕተሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የጠቀለልክበትን ፕላስተር ፈታሁት። ውስጡ የታጠፈ ካርቶን።

«ጩጬው። ቦታ ካልቀያየሩበት ጎበዝ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ «ምን ይላል?» አለችኝ። የአጠቃቀም መመሪያ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም።

«እትዬ፣ ትናንት የትኛው ቀዳዳ ላይ ነበር የተሰካው?»

«እኔ እንጃ። ጠረጴዛውን ስወለውል ነቅዬ መለስኩት። ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደል?»

አይደለም። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ አዲስ እንግዳ መጣ ይልና ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። የጥልፉ ፕሮግራም ደግሞ የድሮው ቁጥር ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱን የደፈንከው ለዚህ ነበር። ተንኮል ያልሠራህበትን አንድ ቀን እኔ ተንኮል አልኩት።

«የላጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ጩጬውን ቦታው መለስኩት። ሁለቱን ደፈንኩ። የቀሩትን አሥራ ሰባት ወፎች ጠለፈች፣ አንዴም ሳታቋርጥ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አጎቴ ከነመኪናው መጣ። እትዬ ቀድማው ደርሳ፣ አርባውን ሽርጥ ሶፋው ላይ ቆልላ ጠበቀችው። አንድ በአንድ አገላበጠ። የወፎቹን እግር ሲቆጥር አይቼዋለሁ፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

ከዛ ክፍሉ ገባ። ፊት ለፊቱ የሰቀልኩትን አነበበ።

«ይሄ አጎት ማነው?»

«ሌላ አጎት ነው፣ ጋሼ።»

ገመዱን ከምስማሩ አውርዶ ነቀነቀው። «እውነት ይሠራል?»

«ከነቀነቁት።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ መስሎኝ ነበር… መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። በእጅጌው ፊቱን ጠረገ።

«ባዶ መኪና ይዤ አልመለስም። ይሄን ልውሰደው።» ሄደ። የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦት።

እሑድ፣ የካቲት 9

እናታችን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ወጣች። ብቻዬን የመጀመሪያው ጠዋት።

በሩን ከፈትኩ። የጫማዬን ክር አሰርኩ። ጠረግኩ። የአጎቴ ምስማር ባዶ ነው፤ ያስጠላል። ካርቶን ቆረጥኩ፣ ጻፍኩበት፣ ሰቀልኩት። ገመድ የለውም፣ ካርቶን ብቻ።

አንድ ሽማግሌ አሮጌ ፕሪንተር ታቅፈው ገቡ። ከልጃቸው ላፕቶፕ ጋር አልግባባ ብሏል። ግድግዳውን እያነበቡ ሳቁ፣ ውሻው ጋ ሲደርሱ ባሰባቸው። ባዶው ምስማር ጋ ቆሙ።

«‹ታላቄ። ሲፈለግ የለም።› ይሄኛውስ የታለ?»

«የለም» አልኳቸው፤ ፕሪንተሩን ተቀብዬ ከጀርባው ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳለው አየሁ።