ከዕጣው የቀረው ስሜ

ለደምሴ፣ ለልጆቼ አባት፤

ከተለየኸኝ እነሆ አስራ አንድ ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። የገበያ ማዕከላችንን ግን ብታየው አታውቀውም። ፎቶ ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ጫማ ሰፊው የነበረበት ቦታ ካፌ ተከፍቷል። ወለሉ ሁሉ ሴራሚክ ለብሶ ያንሸራትታል። ከእኛ ነጠላ ሊገዙ ከብልባላ ገጠር የሚመጡ ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማ ማውለቅ ይቃጣቸዋል።

እድሳቱ ሲያልቅ ሱቁ በዕጣ ይደልደል ተባለ፤ አብዛኛው ሰው ፎቅ ሊወጣ ነው። ዕጣውን ያወጡት የደብሩ መሪጌታ ናቸው። የሁሉም ስም ተጠራ፣ የእኔ ብቻ ቀረ። የሕንፃው ኃላፊ ሞላ፣ እኔ እዚያው ከታች፣ በሩ አጠገብ እንደምቀጥል ተናገረና ወረቀቱን አጠፈ።

ታውቀኛለህ መቼም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ስል፣ አንተ የለካኸውን ጥለት ደግሜ ስለካ ስትስቅብኝ ኖረሃል። ባሏ የሞተባትን ሴት ማን በነፃ ይንከባከባታል? ዛሬ በዝምታ ያስቀመጠኝ ነገ በዝምታ ያስወጣኛል አልኩ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ጉቦ የሰጠሁ መስሏቸው እኔኑ ጠረጠሩኝ፤ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። እሱ ነው የከፋኝ።

ሰኞ ዕለት ቁልፉን በሞላ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ስሜ ዕጣው ውስጥ ካልገባ ሱቁ ይቅርብኝ አልኩት። ራሱን እያከከ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ እንግዲህ ምን ላርግ፤ ጋሼ ደምሴ አስምለውኝ ነው" አለ። ለካ ታመህ ሳለህ አስጠርተኸዋል። ሕንፃው ሲታደስ ፎቅ እንዳታወጣት፣ ጉልበቷ ደረጃ አይችልም፤ ይህን ከሰማች ግን በእልህ ትወጣለች ብለኸዋል።

ቁልፌን መልሼ ወሰድኩ። ለጎረቤቶቼም ራሴ ነገርኳቸው፤ አንዷ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችኝ።

የጉልበቴን ሕመም እኮ ልጆቻችንን እንኳ ደብቄያቸው ነበር። ከላይ መጋዘን ዕቃ ማውረድ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ ቀድመኸኝ የምትነሳው ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት የጠረጠርኩት ፎቅ ላይ ያለችውን ሻይ ሻጭ ነበር።

ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ይህን በር በከፈትኩ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅሃለሁ።

ያንተው ተጠራጣሪ፣
ጥሩወርቅ