ስለ አንዲት ካርቶን የታዘዝኩት ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ መንግሥቴ
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ኬንት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ማይክሮፎን የሚይዘው ቀኝ እጅዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የወይዘሮ ውብአየሁ ልጅ ኖላዊት፣ ከአደራ በላነቴ በስተቀር ፍጹም ደህና ነኝ። በጥር ስብሰባ ላይ፣ እርስዎ ወደ ፕራግ የላኳት ካርቶን በእኔ እጅ መጥፋቷን ለሕዝቡ ካሳወቁ በኋላ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ ስላዘዙ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ክሱን ሁሉም ስለሰማው መልሱንም ሁሉም ቢያነበው ብዬ ነው።

1ኛ. በመጀመሪያ ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። እናቴ በኅዳር ስብሰባ ላይ፣ እኔ ከጓደኞቼ ከሐያና ከሰምሃል ጋር በታኅሣሥ ዕረፍታችን ለአራት ቀን ፕራግን ለማየት እንደምሄድ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ብቻ ሹክ ብትላት፣ እርስዎ ወሬው እንዳይባክን በማሰብ ማይክሮፎኑን አንስተው፣ «ኦኬ፣ ሶ፣ ልጃችን ኖላዊት አውሮፓ ልትሄድ ስለሆነ፣ እቃ ያላችሁ እስከ እሁድ እነ ውብአየሁ ቤት ድሮፕ አድርጉ» በማለት ለሁለት መቶ ሰው አበሰሩ። አንድ አጉል ጠያቂ ፕራግና ስቶክሆልም አይራራቁም ወይ ቢል፣ እኛ ከኬንት ሲያትል እንደምንመላለሰው ሁሉ አውሮፓም በባቡር የሚያልቅ ሰፈር መሆኑን አስረድተው አሳፈሩት። ስለ ጂኦግራፊው ትምህርት፣ ለስቶክሆልም፣ ለሮምና ለፍራንክፈርት እቃ ያመጡት ሁሉ ያመሰግኑዎታል።

2ኛ. ሁሉም ሰው «ትንሽ ነገር ናት» እያለ ያመጣው ሲደመር፣ ሠላሳ አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን፣ ሁለት የክርስትና ቀሚስ፣ የጉልበት ቅባት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ክንድ ተኩል የሚሆን መስታወት የገባለት የምረቃ ፎቶ ሆነ። የእኛ ልብስ ከሻንጣው ወጥቶ ሶፋ ላይ ቀረ፤ ሐያም ሦስት ካፖርት ደርባ አውሮፕላን ተሳፈረች። ፕራግ ስንደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከፍቶ እያሸተተ ምን ዓይነት በሽታ እንዳለብን ሲጠይቀን፣ የነርስነት ተማሪዋ ሐያ በሽተኞች ሳንሆን ማኅበርተኞች መሆናችንን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀባት።

3ኛ. የሕንጻ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያትል ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ወተት እያሞቅሁ ስመኝ የኖርኩት፣ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የቆመውን የፕራግን የድንጋይ ድልድይ በበረዶ ማለዳ ቁጭ ብዬ ለመሣል ነበር። ይሁን እንጂ የፍራንክፈርቷ ተቀባይ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ ብለው በማግሥቱ ማታ ስለመጡ፣ የስቶክሆልሙ አዛውንትም ስመለስ ጎራ እንድል በስልክ ሲያግባቡኝ ስለሰነበቱ፣ ከአራቱ ቀን ሦስቱን ያሳለፍኩት አውቶቡስ ጣቢያና ፖስታ ቤት ነው። በሥዕል ደብተሬ ውስጥ የጣቢያው የሻንጣ ማስቀመጫ ሳጥን ከሦስት አቅጣጫ ተሥሎ ይገኛል። ድልድዩን በመጨረሻው ቀን ከታክሲ መስኮት አየሁት፤ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል።

4ኛ. አሥራ ሁለት ሰው ካስያዘኝ እቃ የአሥራ አንዱ ደርሷል፤ ተቀባዮቹም ከእቃቸው ጋር እየተነሡ ፎቶ ልከዋል። ያልደረሰችው የእርስዎ ካርቶን ብቻ ናት። በጾመ ነቢያት ወተት እንኳ ያልቀመሰች ልጅ አደራ ትበላለች ብሎ መጠርጠር የአስተሳሰብዎን ስፋት ያሳያል። ስለ ካርቶኗ ልነግርዎ ስድስት ጊዜ ኮል ባደርግ አላነሡም፤ ቤትዎ ድረስ ብመጣም በሩ ሳይከፈት ይቅርታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ተነገረኝ። ጉዳዩ ለእርስዎ ለብቻዎ የሚነገር ስለነበር አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩ፤ እርስዎም ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት።

እኔስ ወጣት ነኝ፣ እረሳዋለሁ። የእናቴ ነገር ግን አንገብግቦኛል። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ማኅበር ውስጥ የሐዘንተኛ ቤት ስታጸዳና እንግዳ ስታስተናግድ የኖረች ሴት፣ እርስዎ ወደ እሷ ወንበር እየተመለከቱ አደራ ጠባቂ ልጅ እናሳድግ ብለው ሲመክሩ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አዳራሹን አልረገጠችም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷን ግን በቁሟ ቀበሩባት። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር። በትሕትና ስለጻፍኩት እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።

ስለዚህ በታዘዝኩት መሠረት፣ ሻንጣዬ ጠባብ አውሮፓም ሰፊ በመሆናቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። በምላሹ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በዚያው ማይክሮፎንና በዚያው ድምፅ፣ የወይዘሮ ውብአየሁ ልጅ አደራ እንዳልበላች ይናገሩልኝ።

የእርስዎን ዕድሜ ያርዝምልን፣ የማይክሮፎኑን ባትሪ ደግሞ ያሳጥርልን እያልኩ፣ በሻንጣ የጎበጠው ወገቤ ገና ስላልተቃና ሳልቸገር እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ኖላዊት
የማኅበሩ የክብር ፖስተኛ

ማስታወሻ፦ ካርቶንዎ አልጠፋችም። እኛ ቤት ፍሪጁ ላይ፣ ፕላስተሯ ሳይነካ ተቀምጣለች። ተቀባይዋ እዚያው ፕራግ የትራም ሹፌር ነው፤ በምሳ ሰዓቱ በሥራ ልብሱ መጥቶ ሦስታችንንም ሻይ ጋበዘን። ካርቶኗ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍዎን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና መልሶ ሰጠኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሰው እጅ ስትላክለት ይህች አምስተኛዋ መሆኗን ነግሮኝ፣ ይህችን እንኳ ራስዎ እንዲያመጡለት እየጠበቀ መሆኑን እንዳደርስልዎ አደራ አለኝ። ስሙን እዚህ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም፤ ያወጡለት እርስዎ ስለሆኑ አይጠፋዎትም።