ከያሊው ሥር የሚጻፈው የአባባ ስም

ለምወድሽ እህቴ ለዘርፈሽዋል ጣሰው፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? የልጆቹ ጉንፋን፣ የታደሰ ወገብ፣ የአባባ ሳል እንዴት ነው? የአዳማ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኔ በጤናዬ እንደ ወይፈን ነኝ፤ አንድ ሐሳብ ብቻ ምግብ አላስበላ ብሎኛል፤ እሱንም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህን ጽሑፍ አገላብጠሽ እይው። የማን እጅ ይመስልሻል? የወንድምሽ ነው! በሃምሳ አራት ዓመቴ ከማታ የአማርኛ ትምህርት ተመረቅኩ። መምህሬ መቅደላዊት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ «የኔታ» ስላት በሳቅ ትፈርሳለች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። አምስት ተማሪዎች ነበርን፤ ሁለቱ አቋርጠዋል፤ ይህንን ግን ለማንም አታውሪ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ምናሉ ነበር። መልካም ሰው ነው፤ ግን የባልሽ የታደሰ ወንድም ነው። ይህን ጉዳይ በእሱ እጅ ማስጻፍ ለአማትሽ ጮክ ብሎ እንደ ማንበብ ነው። እንዳልደውል ደግሞ ቤታችሁ ስልክ የሚነሳው በድምፅ ማጉያ ነው። ስለዚህ ለእረፍት አገር ቤት የምትገባው የሥራ ባልደረባዬ ፈትለወርቅ በእጇ ታመጣልሻለች። በሩን ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

እንደምታውቂው እዚህ አውሮራ ውስጥ አንድ የሥዕል ማዕከል አጸዳለሁ። እዚያ ሱጃታ የምትባል ህንዳዊት ሠዓሊ መጣች። ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ላለው ፓርክ ሥዕል እየሠራች ነው፤ የምትሥለው ግን ሸራ ላይ ሳይሆን የፍየል ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ብርሃን እስኪያሳልፍ ይፋቃል፣ ይቀባል፣ በጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳሳል፤ ከዚያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከኋላው መብራት ይበራበታል። ሥዕሎቹ ሂንዱዎች ከጥንት ጀምሮ የሚተርኳቸው እንስሳት ናቸው። ያሊ የሚሉት አንበሳ ሆኖ የዝሆን ኩምቢ አለው። ማካራ የአዞ አፍና የዓሣ ጅራት አለው። አንዲት ላም ደግሞ የሴት ፊት፣ ክንፍና የጣዎስ ጅራት አላት፤ ይቺን ማን ደፍሮ ያልባታል አልኩ።

ቆዳ የሚፍቁላት አባቷ ነበሩ፤ አረፉ። አንድ ቀን ወለል እየወለወልኩ ሳያት መፋቂያውን እንደ ሽንኩርት ቢላዋ ይዛዋለች። አፌ አልቻለም። «ተይው፣ በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ ቆዳ የሚያውቅ የለም» አልኳት። እውነትም የለም፤ ዞሬ ባልጠይቅም።

የመጀመሪያውን ቆዳ አባባ ቁርበት እንደሚያለሰልሱት አድርጌ ዘይት አጠጣሁት፤ በእግሬ ረገጥኩት፤ እንደ ሐር ለሰለሰ። በማግስቱ ሱጃታ ያሊውን ብትቀባ ቀለሙ አልይዝ አለ፤ ኩምቢው ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወረደ። ለመተኛት ጥሩ ነው፣ ለሥዕል ግን አይሆንም ብላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲያ ዘይት አላስጠጋሁበትም። በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ አባባ እንዳሳዩኝ ከአንገት ወደ ጭራ ፋቅኩ። አሥራ አንድ ቆዳ! መብራት ሲበራበት ማር ይመስላል። እጄ ምንም አልረሳም፤ ልርሳው እያልኩ ሠላሳ ዓመት የታገልኩት እኔ ነኝ።

መዘዙ ይኸውልሽ። ሱጃታ ማን አስተማረህ አለችኝ፤ አባቴ አልኳት። ከያሊው ሥር በነሐስ የሚቀረጽ ጽሑፍ አለ፤ ያንተንም ያስተማረህንም ሰው ስም በፊደላችሁ ጻፍልኝ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ አዲስ ተመራቂ፣ እስክሪብቶ አይቼ አላልፍ! «ቆዳውን የፋቀ፦ ኪዳኔ ጣሰው። ያስተማሩት፦ አባቱ ፋቂው ጣሰው ሀብቴ» ብዬ ሰጠኋት። አምሮልኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያደረግኩት የገባኝ። በዚያ ፓርክ የሚያልፈው ግማሹ ያገራችን ሰው ነው፤ ምናሉም ተሳፋሪ ሲጠብቅ መኪናውን ፓርክ የሚያደርገው እዚያው ነው።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በሰው ፊት «አንተ ኪዳኔ፣ ለህንድ አውሬ ቆዳ ትፍቃለህ አሉ! ከማን ተማርከው እባክህ?» አለኝ። ሲቀልድ ነው፤ አያውቅም። ሰዉ ሳቀ። እኔም «ከዩቲዩብ» ብዬ ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። እታለም፣ አባባን በዩቲዩብ ለወጥኳቸው።

ለራሴ አይደለም የምፈራው። ቢበዛ ከማኅበር ያስወጡኛል፤ ድፏቸውም ሁልጊዜ ጥሬ ነው። የምፈራው ላንቺ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አባቴ ገበሬ ነበሩ ብለሽ ኖረሻል፤ እኔም በምናሉ እጅ ስንት ጥንድ በሬ አስጽፌልሻለሁ። አማትሽ የፋቂ ዓይን ልጅ ያሳምማል ሲሉ አባባ እዚያው ቁጭ ብለው እንደሚሰሙ ነግረሽኛል። ይህ ከታወቀ ልጆቹን ከአባባ ጉያ ቢያነሷቸውስ? ታደሰስ ከማን ጎን ይቆማል?

ጽሑፉ ወደ ቀራጩ የሚሄደው ኅዳር አምስት ነው፤ እስከዚያ መለወጥ ይቻላል። «ፋቂው» የሚለውን ብቻ ላውጣው ብዬ አስቤ ነበር፤ ታዲያ ያለ እሱ አባባ ምን አስተማሩኝ? ከቀኑ በፊት ደውይልኝና «ይሁን» ወይም «ይቅር» በይኝ። ምኑ ነው ብለው ከጠየቁሽ፣ የቆዳ ጃኬት ሊልክልኝ ነው በያቸው። «ይቅር» ካልሽ ቅር አልሰኝም። ግን የእሳቸውን ካወጣሁ የእኔንም አወጣለሁ፤ ከያሊው ሥር ብቻዬን አልቆምም።

ታደሰን፣ ኪዳኔ ናፍቆሃል በይው። ልጆቹን ሊዑልንና አቢጊያን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለእትዬ አረጋሽ ጉልበትዎን ስሜያለሁ ብሏል በይልኝ፤ ደብዳቤውን ግን ከዓይናቸው አርቂው። አባባን ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለሽ፣ ኪዳኔ መጻፍ ተማረ፣ ስምዎንም ጻፈ በያቸው። የት ነው የጻፈው ካሉሽ፣ መልሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ወንድምሽ ኪዳኔ ጣሰው
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.