ኤሊዋ «ገና ነኝ» ያለችበት ክፍል

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፤

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ እንዴት ሆነ? ቀኑን ሙሉ አቁሞ የሚያውልዎት ሥራ እንዳለ ነው ወይስ እንደምንም ወንበር ፈቀዱልዎት? እማዬስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ እንዴት ናት? በስልክ ስጠይቃት «ደኅና ነኝ፣ አሁንማ የምራቴ አቧራ ሁሉ ይታየኛል» ብላ ስላሳቀችኝ ዋናውን ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁት። እውነቱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ። ባለቤትዎ እትዬስ ደኅና ናት? ትልቁ ልጅዎ ጥርሱን ማውለቅ ጀመረ? ትንሿስ በእርስዎ ጫማ ቤቱን መዞር ተወች ወይስ ጫማውን ጭራሽ ወረሰችው?

እኛ ደኅና ነን። አባወራዬ የቀን ፈረቃ ስለተሰጠው ማታ ማታ እንደ ሰው አብረን እንበላለን። ልጃችን ድንቡሼ ቁመቷ ጨምሯል። ጉንጯ ግን እንዳለ ስለሆነ ቅጽል ስሟን ለመቀየር አልተቸኮልንም።

ባለፈው ደብዳቤዎ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። እትዬ ካርቱን ልጆቹን እያባለገብን ነው ስትል፣ እርስዎ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ጥሩ ምክር አለው ብለው ተከራከሩና «አንቺ ውስጡ ነሽ፣ ፍረጂን» ብለው ጻፉልኝ። ያኔውኑ መልሼ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ ለእርስዎ እፈርድ ነበር። መልሴ የዘገየው እዚሁ ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ስለደረሰ ነው።

ሥራዬን እማዬ ለጎረቤት ማስረዳት እንደሚቸግራት አውቃለሁ። «ልጄ ጦጣ ናት» ተብሎ እንዴት ይነገራል? የምንሠራው ስለ ጫካ እንስሳት የሆነ የልጆች ካርቱን ነው፤ እኔም የተንኮለኛው ጦጣ ድምፅ ነኝ። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበደ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። ስክሪኑ ላይ ጦጣው አፉን ሲከፍት እኔም እከፍታለሁ። ማራገቢያው ይሰማል ተብሎ ስለማይበራ፣ እሱ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ላቡ የሚንቆረቆረው እኔ ላይ ነው።

የክፍሎቹ አካሄድ አንድ ዓይነት ነው። ጦጣው ያጠፋል፤ ጥፋቱም ያስቃል። መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም!» ይላል። የተበደለው እንስሳ እዚያው ያቅፈዋል፤ ዘፈኑ ይመጣል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኳት እኔ ራሴ አላውቀውም። ጥሩ ነገር እያስተማርኩ እንደሆነም ቅንጣት ተጠራጥሬ አላውቅም።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ልጇና ድንቡሼ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ ከትምህርት ቤት መልስ አንዷ ያለችበት ሌላዋ አትጠፋም ነበር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስትናገር ትንተባተባለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይያዝና እንደገና ትጀምረዋለች። እናቷ ሐኪም ዘንድ እያመላለሰች፣ ቤትም ከስፌት መኪናው ጎን እያስቀመጠች ታለማምዳታለች። በዚህ ዓመት ልጅቷ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ መመለስ ጀምራ ነበር።

የእኔዋ ደግሞ ከማን እንደወረሰችው መቼም ይገባዎታል፣ የሰው ድምፅ መቅዳት ትችላለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ ወጣ ስትል ተነስታ የጓደኛዋን አነጋገር አስመሰለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሲስቁላት ደገመችው፤ ሲብስባቸው ሠለሰችው። ጓደኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። በእረፍት ሰዓት ድንቡሼ ሄዳ እጆቿን ዘረጋችና፣ በእኔ ጦጣ ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም!» አለቻት። ልጅቷ ጥላት ሄደች።

ይህን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ደረጃውን ወጥታ በሬን አንኳኳች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ልጇ ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አንድም ቃል እንዳልተነፈሰች፣ አስተማሪዋ ስትጠይቃትም ራሷን ብቻ እንደምትነቀንቅ ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «እዚህ ለመድረስ እንዴት እንደታገለች አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ጋሼ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንቡሼን አስቀምጬ ስጠይቃት ይባስ ብላ እሷ ተቆጣች። የተበደለችው እሷ ሆና ቁጭ አለች። «ይቅርታ ብያታለሁ እኮ!» አለችኝ፤ «ለምን አላቀፈችኝም?»

ታቅፈኛለች ብለሽ ነበር ወይ አልኳት።

«አዎ። ከዚያ ያልቃላ።»

ይቅርታ ማለት በሩን የሚከፍት ቁልፍ ነው፣ ሌላውም ወዲያው ማቀፍ አለበት ብሎ ያስተማራት ማን ነው? አባቷ አይደለም፤ አስተማሪዋም አይደለችም። እኔው ነኝ፣ በጦጣ ድምፅ። ከዚያ እንደ እናት ወጉ ነው ብዬ አንቺ ይቅርታ መጠየቅ ትችያለሽ፣ መቀበል አለመቀበሉ ግን የጓደኛሽ ነው እያልኩ ረዘም ያለ ምክር ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ስደርስ ማዛጋት ጀመረች። ልጆች የካርቱን መጨረሻ ምክር ሲመጣ የሚያሳዩት ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን በደንብ አየሁት።

በማግስቱ ነገሩን ሥራ ቦታ አነሳሁት። አለቃችን ደግ ሰው ነው፤ ግን ስብሰባ ላይ ስክሪብቶ ማንኳኳት ከጀመረ ልቡ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። አንኳኳ። ልጅ ከፍቶት ቴሌቪዥን እንዲዘጋ እንደማይፈልግ፣ ወላጆችም ምክሩን በጆሯቸው ካልሰሙ ምን አስተማራችሁ እንደሚሉ ነገረኝ። ደራሲያችን በበኩሉ አጭር ክፍል ውስጥ ጥፋትም ሳቅም እርቅም መክተት ቀላል እንዳልሆነ፣ እኔ ከማይክ ጀርባ ስለሆንኩ እንደማይታየኝ አስረዳ። ትንሽ ተናደደብኝም። እኔም ምንም አዲስ ሐሳብ ይዤ አልሄድኩም፤ የሆነውን ብቻ ነው የነገርኳቸው። ድንቡሼ «ከዚያ ያልቃላ» ማለቷን ስነግራቸው ግን ስክሪብቶው ቆመ።

ደራሲው ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ ክፍል ጽፎ መጣ። ጦጣው ቀስ ብላ የምትናገረውን ኤሊ ወሬዋን አቋርጦ በእንስሳቱ ሁሉ ፊት ያስመስላታል፤ ይስቃሉ። እሷ አንገቷን ጀርባዋ ላይ በተሸከመችው ድንጋይ ውስጥ ትከታለች። ጦጣው ይመጣና ድንጋይዋን አንኳኩቶ እንደለመደው ይቅርታ ይላል። ከውስጥ «ገና ነኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ገና ነኝ። ተገልብጦ ሊያስቃት ይሞክራል፤ ገና ነኝ። በመጨረሻ መላው ይጠፋውና ዝም ብሎ አጠገቧ ይቀመጣል። አንገቷን ታወጣና ያን ዕለት ያቋረጣትን ወሬ ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። እሱ ጅራቱን ጨብጦ እስክትጨርስ ይጠብቃል። አለቀ። ማቀፍ የለም፣ ምክር የለም። አለቃችን አንብቦ ሲጨርስ፣ በሁለት ዓይነት መጨረሻ እንቅረጸው፣ አንዱ የበፊቱ ዓይነት ይሁን፣ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩልን አለ።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት ደረጃውን ወርጄ ልብስ ሰፊዋን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ታሪኩ የልጇ ነው። የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችኝና «መሳቂያ እንዳትሆንብኝ» ብቻ አለች። ማንም ሳያየው በፊት እሷና ልጇ እንዲያዩት፣ ካልወደዱት እንደምንተወው ቃል ገባሁላት። አለቃችንም ሲሰማ አላንገራገረም።

በዚህ መሃል ድንቡሼ ከጓደኛዋ ጋር ለመታረቅ ያልሞከረችው የለም። ከለር እርሳሷን ይዛ ወረደች፤ ልጅቷ አልተቀበለችም። የምትወደውን የፀጉር ጌጧን ይዛ ወረደች፤ እሱንም ይዛ ተመለሰች። አንድ ቀን አልወርድም ብላ አልጋ ሥር ገባች። አላስገደድኳትም። ቤት ውስጥ አዲሱን ክፍል ስለማመድ ግን ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ጦጣው ሙዙን ይዞ ሲመለስ «እኔም እንደዚህ ሆኛለሁ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

ክፍሉ ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋና ልጇ ስቱዲዮ መጡ። ልጅቷ እግሯ መሬት በማይደርስበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አየችው። እንስሳቱ ሲስቁ ፊቷ ጠቆረ። ኤሊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «ገና ነኝ» ስትል ግን ልጅቷ ሳቀች። ሁለተኛው ላይ የበለጠ ሳቀች። ሲያልቅ እናቷን አየቻት፤ እናቷም እንባዋን በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች በጭንቅላቷ እሺ አለችን።

ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት ወስደን ሁለቱን መጨረሻዎች አሳየን። በበፊቱ መጨረሻ ተቃቀፉ፣ ዘፈኑ መጣ፣ ልጆቹም ወደ መክሰሳቸው ተነሱ። በአዲሱ ግን ማንም አልተነሳም። አንዱ ታዲያ ታረቁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዷ አልታረቁም፣ እሱ ገና ይቀረዋል አለች። ሌላው ካወራችው ታርቃዋለች ማለት ነው ብሎ ተከራከረ። አስተማሪዋ ዝም ማሰኘት አቃታት። አለቃችን ግድግዳ ተደግፎ ያን ጫጫታ እንደ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ቆየ። ሁሉም ነገር ተሳካልን ግን አልልዎትም፤ አንዲት ሕፃን ኤሊዋ ድንጋይዋ ውስጥ ሞተች ብላ ክፉኛ አለቀሰች። ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ሰዓሊያችን ተመልሳ ከድንጋዩ ውስጥ ዓይኖቿ ብልጭ ብልጭ ሲሉ እንዲታዩ አደረገች። አዲሱ መጨረሻ ጸድቆ ባለፈው ሳምንት ተላለፈ።

ቤቴ የሆነውን ደግሞ ይስሙኝ። ልጅቷ ስቱዲዮ መጥታ ካየች በኋላ ድንቡሼ እንደልማዷ ወረደች። ወዲያው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ተመልሳ መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

«እማ፣ አናገረችኝ!»

ምን አለችሽ አልኳት።

«ገና ነኝ አለችኝ!»

ጋሼ፣ «ገና ነኝ» ተብሎ እንደዚህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬያት ዘለልኩ። ለካ ልጅቷ የምትለውን ነበር ያጣችው። እሺ እንዳትል ገና ያማታል፤ እምቢ እንዳትል ጓደኛዋን ትወዳታለች። አጭር ቃል ስታገኝ ያዘቻት። ጥቂት ቀናት ገና ነኝ ስትላት ከረመች፤ የእኔዋም እሺ እያለች ትመለስ ነበር።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሳያዩኝ ከታች ቆምኩ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ድመታቸው ጨርቅ ማስቀመጫው ቅርጫት ውስጥ እንደወለደች እየነገረቻት ነበር። ቃሉ ይያዛል፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ይያዛል። ወሬው ለእኔም ረዘመብኝ። ያቺ አፏ የማይዘጋ ልጄ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ቃሉን ልትጨርስላት ሳትሞክር እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ከዚያ «ስንት ናቸው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቷ በጣቷ ልታሳያት ጀመረችና ተወችው፤ በአፏ ነገረቻት። ተያይዘው ሊያዩ ሄዱ። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ገና አልጀመረችም። ቢሆንም አስተማሪዋ ስሟን ስትጠራ «አቤት» ማለት ጀምራለች አለችኝ እናቷ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ካርቱኑን አይከልክሏቸው። ልጆች መጨረሻ ላይ የሚነገረውን ምክር ሳይሆን መሃል ላይ የሚሆነውን ነገር ነው ይዘው የሚሄዱት። ጥፋቱ ብቻ የሚያስቅ፣ ይቅርታው ግን ምንም የማያስከፍል ከሆነ እትዬ ልክ ናት። እንስሳው ላጠፋው ነገር ሲደክም፣ ሲያፍር፣ ሲጠብቅ የሚያሳይ ከሆነ እርስዎ ልክ ነዎት። የቱ ካርቱን የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት አልፎ አልፎ ወገብዎን እያሳረፉ አብረዋቸው ቢያዩ ጥሩ ነው። ሲያልቅም ቶሎ አያጥፉት፤ ምን እንዳሉ ይስሟቸው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ የዓይን ጠብታዋን እንዳትዘነጋ አደራ። እትዬን ግማሹን ፈርጄላታለሁ ይበሏት፣ ሌላውን ግማሽ ስንገናኝ እንከራከርበታለን። ትልቁ ጥርስ ካወለቀ ፎቶውን ይላኩልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለእርስዎም ጤናውን ያብዛልዎት። ድንቡሼ ይህን ስጽፍ ለአጎቴ ድመቶቹን ንገሪልኝ ብላኛለች፤ አራት ናቸው፣ አንዷ ነጭ።

ታናሽ እህትዎ

ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን