ጎማም ቁልፍም ስለሌለው ዕቃዬ

ነገሌ ቦረና፣ ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ስሙን ከጨዋነት የተነሣ ለማልጠራው የባሕር ማዶ አየር መንገድ፣ በአዲስ አበባ ለጠፋ ሻንጣ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተ ሰብዎን፣ በሥርዎ የሚያገለግሉትን ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቢሮዎን መስኮት በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። የመስኮቱን ጤንነት ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ወደ መጨረሻው ይገለጽልዎታል።

እኔ በነገሌ ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁት መምህር ሀንጋሳ አረሮ ነኝ። በኖርዌይ አገር፣ በርገን በተባለችውና ዝናብ ሥራዬ ብሎ በሚኖርባት ከተማ፣ ነርስ ከሆነችው ልጄ ከሶሲ ዘንድ አራት ወር ሰንብቼ ባለፈው የካቲት በእርስዎ አውሮፕላን ተመልሻለሁ። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እኛን ያስተማሩን ሰዎች ቁጥር የሌለውን ሐሳብ ከወሬ ይቆጥሩት ነበርና።

1ኛ. ከመመለሴ በፊት የነበሩትን ሦስት ቀናት ያሳለፍሁት በጥርጣሬ ነው። ሶሲ ሻንጣዬን በመታጠቢያ ቤቷ ሚዛን ላይ እያቆመች «አባዬ፣ ሁለት ኪሎ አልፏል» ባለች ቁጥር ለወዳጄ ለአብዱልሃሚድ የገዛሁትን ካፖርት ታወጣለች፤ እኔም እርሷ ወደ ሥራ ስትሄድ መልሼ እከተዋለሁ። ሚዛኑን ተጠራጠርሁት፤ ራሴ ብቆምበት ከነገሌ ስነሣ ከነበረኝ ክብደት ስድስት ኪሎ ጨምሮ አሳየኝ፣ ይህም ሐሰት መሆኑ ግልጽ ነው። የልጄን ባል ቢንያምን ተጠራጠርሁት፤ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሰጥቶኝ «አባባ፣ ቦረና ሲዘንብ ያስታውሱኛል» ሲለኝ፣ የካፖርቱን ቦታ ለመሻማት ከሚስቱ ጋር የመከረ መሰለኝ። አንዲት የጎረቤት ባልቴት በእጇ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ ይዛ ልትሰናበተኝ ብትመጣ፣ አመስግኜ ከሸኘኋት በኋላ ካልሲውን ገልብጬ ፈተሽሁት። ፓስፖርቴን በቀን ሰባት ጊዜ አየሁ። ሁሉን ስጠረጥር፣ ሳልጠረጥር ያለፍሁት የእርስዎን መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሰጡኝ ትምህርት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. አባቴ ሊሞት ሲል ያስረከበኝ፣ ከሀሮሬሳ እንጨት የተጠረበና አናቱ ላይ የመዳብ ቀለበት ያለው በትር አለኝ። ከዘራ አይደለም። ከዘራ የሚይዘው እግሩ የከዳው ሰው ነው፤ በትር የሚይዘው ግን ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። በእኛ በኩል ባዶ እጁን የመጣ ሽማግሌ ለሰላምታ እንጂ ለጉዳይ እንደ መጣ አይቆጠርም። በበርገን አውሮፕላን ማረፊያ የምትመዘግበው ወጣት በትሩን አይታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሶሲም «ለመራመድ የግድ ያስፈልግዎታል ወይ ነው የምትለው፤ አዎ ይበሉ አባዬ፣ ከእጅዎ አይወጣም» ብላ ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አስተምሬ የማላውቅ ሰው፣ በባዕድ አገር፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየኝ አንካሳ ነኝ ልበልን? «ያለ ማንም ድጋፍ እስከ አውሮፕላኑ ክንፍ ድረስ እሄዳለሁ በያት» አልሁ። ወጣቷም ፈገግ ብላ፣ በበትሬ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣ ሻንጣ በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ጎማ ላይ አጋደመችው። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። ሶሲ እስከ ዛሬ በስልክ ታነሣብኛለች።

3ኛ. አዲስ አበባ ስደርስ ሻንጣዬ መጣ፤ ካፖርቱ መጣ፤ ጃንጥላው መጣ። በትሬ አልመጣም። የእርስዎ ሠራተኛ በትሕትና የተለያየ ሻንጣ ሥዕል ያለበት ሠንጠረዥ ዘርግቶ «ከእነዚህ የትኛውን ይመስላል?» ሲል ጠየቀኝ። አንዱንም አይመስልም አልሁት። ጎማው ስንት እንደሆነና ቁልፍ ይኑረው አይኑረው ጠየቀኝ፤ የለውም አልሁ። «በውስጡ ያለው ዕቃ» በሚለው መስመር ላይ «ውስጡ እንጨት ነው፤ ውጭውም እንዲሁ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሞላሁ። ሠራተኛው አንብቦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። የሚያሾፍ ሰው መስዬው እንደ ነበር የገባኝ አውቶቡስ ላይ ከተሳፈርሁ በኋላ ነው።

4ኛ. ከዚህ ቀጥሎ የማወራው የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ እባክዎ ቀና ብለው ያንብቡት። አብዱልሃሚድ በነገሌ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ እርሱ ዓርብ፣ እኔ እሑድ ወደ ጸሎት የምንሄድ ብንሆንም አርባ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። ልጁ ፈሀድ በፊልቱ የምትኖር የከብት ነጋዴ ልጅ፣ ፋርሂያ የተባለችውን፣ ሊያገባ ስለ ፈለገ፣ ሽማግሌ ሆኜ እንድጠይቅላቸው መመለሴን አራት ወር ጠብቀዋል። በመጋቢት አብረን ሄድን። «ናጋ? ናጋ?» እያልን ሰላም ተባባልን፤ ወዲያው የፋርሂያ አባት ዓይን ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። ባዶ እጄን ላለመቅረብ ብዬ የያዝሁት የቢንያምን ጃንጥላ ነበር። «መምህር፣ ዝናብ ፈርተው ነው?» አለኝ፤ በዚያ ቀን ፊልቱ ላይ የመሐረብ ያህል ደመና አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «የራሱን በትር ያልጠበቀ ሰው ለሰው ልጅ እንዴት ዋስ ይሆናል? ይዘውት ሲመጡ እንነጋገራለን» ብሎ ሻይ አስቀረበልን። ከበስተኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌም «በትሩን ልጁ ቤት የተወ ሰው ተመልሶ ሊሄድ ያሰበ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

በመመለሻችን ነገሌ ገብተን የቤቴ በር ላይ ስንደርስ አብዱልሃሚድ «ሀንጋሳ፣ እውነት ጠፍቶ ነው?» አለኝ። በአርባ ዓመት ውስጥ ሲጠራጠረኝ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ለእርስዎ የማቀርበውን ምስጋና የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ። ፈሀድ በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «አባባ፣ ደወሉልዎት?» ይለኛል። ከረመዳን በኋላ ደግሞ ሌሎች ጠያቂዎች ከዶሎ ኦዶ እንደሚመጡ ይወራል። የዶሎ ኦዶዎቹ ሽማግሎች በትራቸው በእጃቸው ነው።

5ኛ. ስልክ በደወልሁ ቁጥር ስላሰሙኝ ሙዚቃ አመሰግናለሁ፤ አሁን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ። «ዕቃዎ በመፈለግ ላይ ነው» የሚሉትን ሦስት ደብዳቤዎች በቀይ ቀለም አርሜ መልሼልዎታለሁ። ከአሥር አራት ሰጥቻለሁ፤ አራቱም ለማኅተሙ ቀጥ ማለት ነው።

6ኛ. ጥርጣሬዬ ዕረፍት ስለ ነሣኝ፣ በአዲስ አበባ የሚኖረውን የቀድሞ ተማሪዬን ደሳለኝን ወደ ቢሮዎ ላክሁት። ደሳለኝ በክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን ከማየት ይልቅ በመስኮት የማየት ልማድ ነበረው፤ ይህ ልማድ አንድ ቀን ይጠቅመዋል ብዬ አላሰብሁም ነበር። የቢሮዎ መስኮት ክፍት ሆኖ እንዲቆም የደገፈው እንጨት አናቱ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው። የእርስዎን ወረቀት እንኳ ገና አልላጡለትም። ደሳለኝ ለሠራተኛዋ ቢጠቁማት መጀመሪያ «እሱ የመስኮቱ ነው» አለችው፤ ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ግን መዝገብ ገልጣ፣ ዕቃው «የሕመምተኛ መራመጃ» ተብሎ ስለ ተመዘገበ፣ ያለ እርሱ መራመድ አለመቻሉን የሐኪም ማስረጃ ይዞ ለሚቀርብ ባለቤት ካልሆነ በቀር ለማንም አይሰጥም አለችው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በርገን ላይ ስለማላነክስ ተወሰደብኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ስለማላነክስ ተከለከልሁ።

ማስረጃውን ፍለጋ ወደ ከተማችን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ራሕማ በእኔ እጅ ፊደል የቆጠረች ናት። የመጣሁበትን ስነግራት ስቃ ስቃ «መምህር፣ ትናንት በገበያው ሲያልፉ ሮጬም አልደረስሁብዎትም፤ ሐሰት አትጻፉ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» ብላ እጄን ስማ ሸኘችኝ። ኮራሁባት፤ ተናደድሁባትም።

ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ። ሰባ አራት ዓመት ቀጥ ብዬ ሄጃለሁ፤ ለአንድ እንጨት ብዬ አልጎብጥም ነበር። ለፈሀድና ለፋርሂያ ግን፣ ለአብዱልሃሚድም ጥያቄ መልስ እንዲሆን፣ ከቢሮዎ ደጃፍ እስከ ጠረጴዛዎ ድረስ እያነከስሁ እገባለሁ። በየትኛው እግሬ እንዳነክስ መመሪያዎ የሚያዝዝ ከሆነ ቀደም ብለው እንዲያስታውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ መንገዱ ሁለት ቀን ስለሆነ ለመለማመድ ጊዜ አለኝ።

ለሥራዎ ፍጥነት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ያለ ድጋፍ ቆሜ፣ እጅ እየነሣሁ፣

መምህር ሀንጋሳ አረሮ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለአብዱልሃሚድ ሱቅ በር፤ ለፋርሂያ አባት፣ ፊልቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትሬን ስወስድ መስኮትዎ ወድቆ ሰው እንዳይጎዳ አሳስቦኛል። ስለዚህ የቢንያምን ጃንጥላ ይዤልዎት እመጣለሁ። በፊልቱ ሽማግሎች ፊት መቆም እንደማይችል አረጋግጫለሁ፤ ለእርስዎ ቢሮ ግን ይበቃል።