እሜቴ ከመነሳቷ በፊት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የተለየ ነገር የለም። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ ጨረስኩ። ሁለት ኮሌታ ጠመም ብሎብኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። እማዬ ከኩላሊት እጥበቷ ተመልሳ እንደ ልማዷ ተኛች። አባዬ እሷን መልሶ ሲያበቃ እሜቴን ሲያጥብ አመሸ። መኪናችንን እሜቴ ያላት እሱ ነው፣ ታክሲ ይሠራባት በነበረ ጊዜ። ካልለመኗት አትነሳም ብሎ።

አንድ ነገር ብቻ... አባዬ ከግቢ ወደ ቤት ሲገባ በቀኝ እግሩ ጫማ የለም። ነጠላ ጫማው በረንዳው ጋ ወልቆ ቀርቷል። እማዬ «ሰውዬ፣ አንዱን ለማን መርቀህለት መጣህ?» አለችው። ወደ እግሩ አየ። ቆይቶ ነው ያየው። ጫማው መውለቁን አላወቀም። እኔና እማዬ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ እግሩን በቀጭን ነገር ወጋ ወጋ ያደርገዋል፣ አባዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አሁን ነካሁዎት?»

«ገና አልነካኸኝም።»

ነክቶት ነበር። ሦስት ቦታ። ስኳሩ ነው፣ ነርቩን በልቶታል። መንዳት በቃዎት ተባለ። አባዬ ጎንበስ አለ። የካልሲውን ጫፍ ሲፈልግ ቆየ።

ትናንት እማዬን በዚህ እግሩ ነው ያደረሳት። ያንን ቁልቁለት... ፍሬኑን ሳይሰማው ነው የረገጠው? ከሆስፒታሉ በፊት ያለውን፣ ረጅሙን።

አሁን ማን ይወስዳታል? በአውቶቡስ ሁለት ቦታ መቀያየር ነው። እማዬ ከእጥበት ስትወጣ እንኳን ግፊያ፣ የሆስፒታሉን ደረጃም በሰው ነው የምትወርደው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አንዱም ሊቀር አይችልም።

መንጃ ፈቃድ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ጋር። ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ማለቴ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እማዬን ጎረቤት ወሰደልን። ነገ አባዬ የእሜቴን ጠባይ ሊያስተምረኝ ነው። «ሳታይያት አትነጃትም» አለኝ። እንዴት አላያትም? ዕድሜ ልኬን ሳያት አይደል የኖርኩት...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አላየኋትም ኖሯል።

አባዬ በርጩማ አስወጥቶ ግቢው መሃል ተቀመጠና «መርፌዬ፣ ኮፈኑን ክፈቺ» አለኝ። መርፌ የሚለኝ ስፌት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ከፈትኩ። አፌንም አብሬ ከፍቼ ቀረሁ።

እኔ አንድ መርፌ ያላት የስፌት መኪና ነው የማውቀው። ይሄ... ቱቦው፣ ሽቦው፣ ብሎኑ፣ ሁሉም አንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ። ትርፍ የሚመስል ነገር ፈለግሁ። አጣሁ። አባዬ ከበርጩማው ላይ ሆኖ በዱላው ጫፍ ያሳየኛል። ይሄ ውሃው። ይሄ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ በጣትሽ ጫን በይው፣ ላልቷል? ይሄ የፍሬን ዘይት፣ ከመስመሩ እንዳይወርድ። ይሄ ባትሪው። ከዚያ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ የተኛ ሰው አጠገብ እንዳለ።

«እዚህ ውስጥ እሳት አለ። ይነሳል ይጠፋል፣ ይነሳል ይጠፋል። አንዴ ዓይንሽን እስክትከድኚ ስንቴ እንደሆነ እኔም አላውቅ።»

«ብረቱ አይቀልጥም?»

«ዘይቱ ነዋ። በብረትና በብረት መሃል እሱ ነው የቆመው። ከክርሽ ይቀጥናል።»

ማታ ቀጭኑን ክሬን አውጥቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ከዚህ ይቀጥናል? ያን ሁሉ ዘመን ያ ሁሉ እሳት ከፊታችን እየነደደ እኛ ኋላ ተቀምጠን ብርቱካን እንልጥ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ነዳሁ። ደረስን፣ ተመለስን። እግዜር ይመስገን።

አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ወለሉን ሲረግጥ ዋለ። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር በደህናው እግሩ የሌለ ፍሬን ይይዛል። እማዬ ከኋላ፣ «ተው ወለሉን ትበሳዋለህ፣ በእግራችን ልንሄድ ነው» አለችው። ስንመለስ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው። ረቡዕ ጧት ይሰጠኛል፣ ከሰዓት ይቀበለኛል... ተከራይ ነኝ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እማዬ አጠገብ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ከዚህ በፊት ውጭ ነበር የምጠብቃት። ደሟ በቱቦ ይወጣል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ይመለሳል። ጣቴን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። የእናቴ ሙቀት ከእናቴ ውጭ... ምን እንደምል አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ሐዘን ግን አልነበረም።

እሷ ታሾፋለች። «እሜቴ በዓመት ሁለቴ ነው ፊልትሮዋ የሚቀየረው። እኔ በሳምንት ሦስቴ። እንግዲህ እመቤቷ ማን እንደሆነች ለአባትሽ ንገሪው።» ነርሷ ሳቀች።

ሰው እንዴት ቆሞ ይሄዳል ግን? እኔ ውስጥ ይሄን ሁሉ የሚሠሩ ሁለት ኩላሊቶች አሉ፣ አንድም ቀን ኮፈን ሳይከፈትላቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጉድ ሠራሁ። አይ፣ ሠራን።

ዘይቷ ትንሽ ጎድሏል። አባዬ «እስከ ላይኛው ምልክት ሙያት» ብሎኝ ጎረቤት ጋ ሄደ። እማዬ በርጩማው ላይ ተተካች። እቤታችን ብርጭቆ ጎደሎ ሆኖ ለሰው አይሰጥም፣ የእማዬ ሕግ ነው፤ እንግዳ ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ ካልረጠበ ተበደለ ማለት ነው። ቀዳሁ። ምልክቱ ጋ ደረሰ።

«በቃ?» አለች እማዬ።

«በቃ ነው የሚለው።»

«ጨምሪላት እንጂ። ስንት ዳገት ታወጣኛለች፣ እሷ ላይ ነው የምትሰስቺው?»

ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። ደስ አለን ሁለታችንም። አስነሳኋት... ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። እማዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ እንዳልሆነች።

መካኒኩ ተጠራ። ሰፈሩ ሳሙና ነው የሚለው፤ ሞተር ከመንካቱ በፊት እጁን ስለሚታጠብ። የዘይት መለኪያዋን አወጣ፣ አየ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። «እህቴ፣ ይሄ መስተንግዶ ነው እንጂ ሰርቪስ አይደለም» አለኝ። ትርፉን ከሥር ቀዳው። ሲበዛም እንደ ማነስ ይጎዳታል፣ ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል አለ። በቃን የሚያውቅ ነገር እንዲህ ሠርተዋል ሰዎች? ገረመኝ።

አባዬ ሲመለስ ሰማ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳቀ፣ እስኪያስለው። እግሩ ከደነዘዘ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ጎማዎቹን በእጄ ብቻ አወቅኋቸው። የፊት ቀኙ ትንሽ ነፋስ ይፈልግ ነበር። ለአባዬ ነገርኩት። ቁልፉን ግን እንደ ወትሮው ተቀበለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ሰማኋት። አባዬ ሲያደርገው የሚያሾፍ ይመስለኝ ነበር። አያሾፍም። ደህና ስትሆን አንድ ዓይነት ድምፅ አላት... ልጽፈው አልችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

በዝርዝር ልጻፈው።

ጧት። እማዬ ብርድ ልብሷንና ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ዓርብ መንገድ ተዘግቶ ዘግይተን ቶሎ ነበር ያስወጧት፤ ቅዳሜና እሑድ ፊቷ አብጦ ነው የከረመችው፣ ትንፋሿም አጭር ነው። የዛሬው የግድ ነው። እኔ ማየቴን ጀመርኩ። ውሃ ደህና። ዘይት ደህና፣ ምልክቱ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልጨምርም። የፍሬን ዘይቷ... ከመስመሩ ወርዷል። ዓርብ መስመሩ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ።

«አባዬ፣ የፍሬኑ ጎድሏል። ልጨምር?»

ከበርጩማው ቀና አለ። «ሞተር ዘይት ሊበላ ይችላል። ፍሬን አይበላም። ከጎደለ ፈሷል። የፈሰሰበትን ፈልጊ።»

ተንበረከክኩ። በየጎማው ውስጠኛ ጎን እጄን ሰደድኩ። ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። የኋላ ግራ... እርጥብ። ጣቶቼን አወጣሁ። ያብረቀርቃሉ። ማሽተትም አላስፈለገኝም። እዚያው ተንበርክኬ ያ ቁልቁለት ታየኝ። እማዬ ከኋላ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች።

ለአባዬ ጣቴን አሳየሁት። አየው። መኪናው ውስጥ እማዬን አየ፣ ያበጠ ፊቷን። ከዚያ አባዬ፣ ያ አባዬ፣ አንዲት አምፖል ተቃጥላ ከግቢ የማይወጣው ሰው፣ ተነሳ።

«ቁልፉን አምጪ። እኔ እነዳለሁ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ይዣት እወርዳለሁ።»

«አባዬ...»

«ያንን ቁልቁለት አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ። አምጪ።»

እጁ ተዘርግቷል። አባቴን እንቢ ብዬው አላውቅም። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ቦታ አልታየኝም።

«አትነዳም» አልኩት። «እኔም አልነዳም።»

እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ዞሮ ወደ ቤት ገባ፣ ቀኝ እግሩ ከኋላው እየተጎተተ። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ሳሙናን ጥሪዋ፣ ምን ቆመሻል» አለችኝ፣ ስኳር ያለቀብን ይመስል።

ሳሙና የጋራዡን ፒካፕ ይዞ መጣ። ደረስን፣ አርፍደን። ሌላ ታማሚ ቀርቶ ስለነበር አስገቧት። ሙሉውን ታጠበች። ስትወጣ ትንፋሿ ረዝሟል።

አባዬ እራት ላይ አላናገረኝም። ቁልፉንም አልጠየቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሳሙና መጥቶ ጎማውን ፈታ። አባዬም ወጣ። ከፍሬኑ ውስጥ የወጣችውን ነገር ሳሙና መዳፌ ላይ አኖራት። ከካፖርት ቁልፍ የማትበልጥ ጥቁር ጎማ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የምትይዘው፣ ጠርዟ ተበልቷል። ይቺ? አዎ፣ ይቺ። የእማዬ ነፍስ፣ የእኔ፣ የአባዬ፣ መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ሁሉ... ይቺ ላይ ነው የተንጠለጠለው? እኛም አምነን ዝም ብለን የምንቀመጠው? መዳፌ ላይ ይዣት ቆየሁ። መጣል አቃተኝ። ሳሙና ለኋላ ቀኙም አብሮ አዲስ ገጠመ፣ ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን አስወጣ፣ እኔ ፔዳሉን እየረገጥኩለት። መጀመሪያ ሰመጠ። ከዚያ ቀስ በቀስ ከእግሬ ሥር ጠነከረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

አባዬ አሮጌዋን ጎማ ከእጄ ወስዶ በአውራ ጣቱ አሻት። ሳሙና ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔ ብሆን ሄጄ ነበር» አለ።

«ለእማዬ ብለህ ነው።»

«ለእሷ ብዬ እሷን ልገድላት።»

ይሄን ሰው ስፈራው ኖሬአለሁ፣ ሳከብረው ኖሬአለሁ። እናቴን ይሄን ያህል እንደሚወዳት ግን... ሕጉን ሁሉ እስኪረሳ? አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጧት እሜቴን ብቻዬን አየኋት። ውሃ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ ቺንጋ፣ መብራት፣ ጎማ። አባዬ ወደ በርጩማው አልወጣም። በመስኮት ሳሉን ሰማሁ፣ ያ ብቻ ነው።

እማዬ ገባች። አባዬ መጣ። የፊቱን በር አልፎ ሄደ። የኋላውን ከፈተና እማዬ አጠገብ ተቀመጠ። እማዬ ብርድ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ግራ ገብቷት አየችው።

«ምነው፣ ቦታህ ተከራየ?»

«ጠጋ በይ» አላት።

በዚህች መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። እሱ ሁልጊዜ ከፊት፣ እሷ ሁልጊዜ ከኋላ። አሁን ነው የገባኝ። እማዬም አለችው፣ «ዕድሜዬን ማጅራትህን ሳይ ኖርኩ። ፊትህ እንዲህ ነው እንዴ?»

አባዬ በመስኮት ያያል። «ይሄ ፎቅ መቼ ተሠራ?» «ሁሌም እዚህ ነበር።» «ይሄ ዛፍስ?» «እሱም። አንተ አስፋልቱን እንጂ ምን አይተህ ታውቃለህ።» በያንዳንዱ ነገር ይገረማል። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ የመንገዱን ዳር ግን ዛሬ ነው ያየው። ዓይኔን ከመንገዱ እንዳልነቅል ታገልኩ።

ዳገቱን ጨረስን። ከኋላ ድምፅ ጠፋ። በመስታወት አየሁ።

አባዬ ተኝቷል። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ዓይኑን ከድኖ የማያውቀው ሰው፣ ራሱን እማዬ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ። እግሮቹ ወለሉ ላይ ዝም ብለዋል። እማዬ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ቁልቁለቱ መጣ። ማርሽ ቀነስኩ። ፍሬኑን በስሱ ነካሁት፣ እንዳይቀሰቅሰው። ያዘ። እስከ ታች ድረስ አልነቃም።